ወዝና ከለላ፦ የመኪና ቀለም ማጠናቀቂያዎች በደጋው ጎጃም



በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ መኪና የሚወዱ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር የሚነሣ አንድ የቆየ ክርክር አለ። የመኪናን ቀለም የሚያሳምር ነገር ሁሉ ቀለሙን ይጠብቀዋል ወይ? አንደኛው ወገን በማሽን ተፈትጎ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ ኮፈን፣ ውሃም እንደ ዶቃ እየተንከባለለ የሚወርድበት ጣራ ካየ ቀለሙ ጤናማ ነው ብሎ ይፈርዳል። ሁለተኛው ወገን ወዝ ለዓይን እንጂ ለላሜራ አይበጅም፤ ገንዘብ መውጣት ያለበት ጠንካራ ሽፋን ለሚያለብሱ ምርቶች ነው ሲል ይሟገታል። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም የሀብታም ጨዋታ አድርጎ ይቆጥራቸውና በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል ብሎ ያልፋል።

ክርክሩ የቡና ላይ ወሬ ቢመስልም ለመሐንዲስ ጆሮ ቁም ነገር አለው። በኢትዮጵያ መኪና በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ ዕቃ ሳይሆን ሲደላ የሚሠራበት፣ ሲቸግር የሚሸጥ የቤተሰብ ጥሪት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ዕድሜ ማርዘም የብዙ ባለንብረቶች ጭንቀት ሆኗል። ሞተር ይታደሳል፤ ፍሬንና ማርሽ ይለወጣል፤ ዝገት የበላው ላሜራ ግን ቢጠገን እንኳ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ላሜራውን ከዝገት የሚለየው ደግሞ ቀለሙ ነው።

የዚህ ንግግር ፍሬ ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ የሚከተለው ነው። ወዝና ከለላ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ወዙ የሚገዛው ከለላው ተሸጦ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ጠላቱም ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

የቀለሙ አካል

በዘመናዊ ፋብሪካ የተቀባ መኪና ቀለም ከብረቱ ፊት ጀምሮ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነውና መላው ልብስ ከሁለት የራስ ጠጉር ውፍረት ብዙ አይርቅም። ከብረቱ ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ኃይል ተስቦ የሚለጠፈው ፀረ ዝገት ቅብ 20 ማይክሮን ያህል ነው። በላዩ ገጹን የሚያስተካክል መካከለኛ ቅብ፣ ከዚያም መልኩን የሚሰጠው 15 ማይክሮን ያህል የሆነ ቅብ ይከተላል። በመጨረሻ የሚለብሰው ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ሽፋን ሲሆን ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። ዝገትን በዋናነት የሚከላከለው የታችኛው ቅብ ነው፤ ፀሐይን የሚከላከለው ደግሞ የላይኛው ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚውጡ ኬሚካሎች የተቀላቀሉት በእርሱ ውስጥ ነውና።

ይህ አሠራር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በአውቶሞቢል ዘመን መጀመሪያ አንድን መኪና ቀብቶ ለማድረቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ጄኔራል ሞተርስ ከዱፖንት ጋር ሆኖ «ዱኮ» የተባለውን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም በኦክላንድ አውቶሞቢሎች ላይ ሲጀምር ያ ጊዜ ወደ ሰዓታት አጠረ። በኤሌክትሪክ የሚሳበው የዛሬው ዓይነት ፀረ ዝገት ቅብ በ1970ዎቹ፣ የመልክ ቅብንና ጥርት ያለውን ሽፋን ለየብቻ መቀባት ደግሞ በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እየተስፋፋ ሄደ። ከዚያ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች መልካቸውም ከለላቸውም አንድ ቅብ ነበር።

ይህን ታሪክ ማወቅ ከክርክሩ ግማሹን ይፈታል። በኢትዮጵያ ዛሬም ብዙ ወዳጅ ያለው ቮልስዋገን፣ ያም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበት የመኪና ዓይነት፣ በአሮጌው አሠራር የተቀባ ነው። ገጹ በፀሐይ ሞቶ እንደ ኖራ ሲነጣ፣ ፖሊሽ የሞተውን ገለባ ያነሣና ከሥሩ ሕያውን ቀለም ያወጣል፤ የሚፈትገው ጨርቅም የመኪናውን መልክ ይይዛል። ስለዚህ የቮልስ ባለቤት ፖሊሽ መኪናዬን አዳነልኝ ቢል አልተሳሳተም። ጥርት ያለ ሽፋን ያለው አዲስ መኪና ግን በሽፋኑ ውስጥ ያለውን ጨረር የሚውጥ ክፍል ለፖሊሽ ይገብራል። ሽፋኑ አንዴ ነጥቶ እንደ ቅርፊት መላጥ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሚመልሰው ፖሊሽ የለም፤ ዳግመኛ መቀባት ብቻ ነው። ሁለቱ ባለመኪኖች የሚከራከሩት አንዱ ስለ አንዱ መኪና ሳያውቅ ነው።

የደጋው ጠላቶች

ከውጭ በሚመጡ ምርቶች ማሸጊያ ላይ ስለ ጨው ብዙ ተጽፏል፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በክረምት በረዶን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይነሰነሳልና። ጎጃም ግን የመንገድ ጨውም የባሕር ነፋስም የለበትም። የደጋው ቀለም የሚያልቀው በሌላ ምክንያት ነው።

ቀዳሚው ፀሐይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በዚህ ከፍታ የቆመ መኪና በባሕር ዳርቻ ከቆመው ሩብ ያህል የበለጠ ጨረር ይቀበላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከምድር ወገብ በ10 ዲግሪ ርቀት ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ታልፋለች። የደጋው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ሰውን ያታልላል፤ ጨረሩ ግን የቀለሙን የኬሚካል ሰንሰለት ለመበጠስ የአየሩን ሙቀት አይጠብቅም።

ሁለተኛው ጭቃ ነው። በክረምት በጎማ የሚረጨው ጭቃ ሲደርቅ በውስጡ ያለው አሸዋ ላሜራው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግም ጨርቁ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። የብዙ መኪኖች ወዝ የሚጠፋው በመንገድ ሳይሆን በባለቤቱ እጅ፣ መኪናውን ለማጽዳት በመድከም ነው።

ሦስተኛው ጠጠር ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ በጠጠር መንገድ ወደ ገጠር የሚመላለስ መኪና ፓራፋንጎውና የበሮቹ ግርጌ በድንጋይ ይመታል። አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል ብረቱን ካጋለጠች በክረምት እርጥበት ዝገቱ ከቀለሙ ሥር እየሠረገ ይሄዳል። አራተኛው የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ናቸው። ኩሱ በፀሐይ በጋለ ቀለም ላይ ሲውል ለስልሶ ያለውን ሽፋን ይበላውና ጠባሳው ከታጠበም በኋላ ይቀራል።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም የራሱ ፈተና አለው። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ተኪዶ ቆላ ይገባል፤ እንደገናም ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። የጠዋት ቅዝቃዜ ያረፈበት ላሜራ በአንድ ጉዞ የቆላ ፀሐይ ያገኘዋል።

ምርቶቹ ሲመዘኑ

እንግዲህ ምርቶቹን በእነዚህ ጠላቶች ፊት ማቆም ይቻላል።

ፖሊሽ የሚነሣ እንጂ የሚጨመር ነገር አይደለም። ወዝ ማለት ብርሃን ከለሰለሰ ገጽ ላይ ሳይበተን መመለሱ ነው፤ ፖሊሽ ጭረትን የሚያጠፋው የጭረቱን ዳርና ዳር እስከ ጭረቱ ጥልቀት ድረስ በመላጥ ነው። ለምሳሌ ያህል 45 ማይክሮን ሽፋን ያለው መኪና በየዓመቱ ተፈትጎ 3 ማይክሮን ቢነሣለት፣ በ10 ዓመት የሚቀረው 15 ማይክሮን ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መኪናው ከጎረቤቶቹ ይልቅ ሊያምር ይችላል፤ ከጎረቤቶቹም ቀድሞ ይላጣል። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ሰሙን አይቶ ወርቁን መርሳት ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሰም ግን ይጨመራል እንጂ አይነሣም። ስስ ሆኖ ጥቃቅኑን ጭረት ይሞላል፣ ውሃን ይገፋል፣ ኩስና ጭቃ በቀላሉ እንዲለቁ ያደርጋል። ጨረርን ግን እምብዛም አያግድም። እዚህ ላይ የማር አገር የሆነው ጎጃም የራሱን የንብ ሰም ለምን አይጠቀምም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው፤ ጥቁር ኮፈን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ እዚህ ሙቀት ሊደርስ ስለሚችል ሰሙ ይለሰልስና አቧራ ይሰበስባል። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ እስከ 82 ዲግሪ ያህል ስለሚታገሥ ነው ለመኪና የተመረጠው። እርሱም ቢሆን በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ሲታጠብ ቶሎ ይለቃል።

«ሴራሚክ» እየተባለ የሚሸጠው ሽፋን ሲደርቅ ሲሊካ የበዛበት ስስ ገጽ ይሆናል። ከሰም በላይ ይቆያል፤ ኬሚካልንም በተሻለ ይቋቋማል። ነገር ግን በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው «9ኤች» የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ እንጂ የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ አይደለም፤ ማለትም 9ኤች የተባለው እርሳስ ገጹን አልጫረውም ማለት ብቻ ነው። የጠጠርን ምት ሊመልስ አይችልም። ጠጠርን የሚችለው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚወፍረው የፖሊዩሬቴን ፕላስቲክ ልባጥ ነው፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ግን ለፓራውልትና ለኮፈን ግንባር ብቻ ቢለጠፍ ይበቃል።

ውሃ መንከባለሉም የገጹን ጠባይ እንጂ የከለላውን መጠን አይናገርም። ናፍጣ የተወለወለ ላሜራም ለጊዜው ውሃ ይገፋል፤ ያብረቀርቃልም። ይህ ግን ጭረቱን በዘይት ሞልቶ ዓይንን መሸንገል ነው፤ አቧራም ይስባል።

ለባለመኪናውና ለቀለም ሠሪው

ከዚህ የሚወጣው ምክር ርካሽ ነው። ጭቃ በብዙ ውሃ ርሶ ሳይወርድ ጨርቅ አይንካው። ኩስ በዋለበት አይደር። መኪና ከጥላ ሥር ይቁም፤ ከዛፍ ሥር ግን አይሁን። በጠጠር የቆሰለ ቦታ ክረምት ሳይገባ በፀረ ዝገት ቀለም ይደፈን፤ ይህች ጥቂት ብር የምትጠይቅ ሥራ ከማናቸውም ውድ ሽፋን ይልቅ ላሜራን ታድናለች። ሰም በዓመት ጥቂት ጊዜ ይቀባ። ማሽን ያለው ፖሊሽ ግን ለእውነተኛ ጉዳት ብቻ፣ ያውም በቀለም ውፍረት መለኪያ ከተለካ በኋላ ይሁን። ሦስተኛው ወገን፣ ውሃ ይበቃል ያለው፣ ከተገመተው በላይ ለእውነት ቀርቧል፤ የጎደለው ሰሙና የቁስሉ መድፈኛ ነው።

ስለ ቀለሙ ጤና ሲነገር የቀለም ሠሪው ጤና ሊረሳ አይገባም። ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው ዘመናዊ ቀለም አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ይዟል፤ ይህም በሳንባ ላይ የማይለቅ የአስም በሽታ ያስከትላል። አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ወይም ተራ የአቧራ ጭምብል ማድረግ አያስጥልም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀብል ጭምብል ያስፈልጋል። መኪናው አምሮ የቀቢው ደረት ከተበላሸ ሥራው አልተሠራም።

በመጨረሻም በምርቶች ላይ የሚጻፈው የዓመታት ዋስትና የት እንደተለካ መጠየቅ ይገባል። ዓለም የመኪና ቀለምን በገሃድ የሚፈትንባቸው ዋነኞቹ ቦታዎች የአሜሪካ ፍሎሪዳና አሪዞና ናቸው፤ አንደኛው ከባሕር ጠርዝ ያለ እርጥብ ቆላ፣ ሁለተኛው በረሃ ነው። የደብረ ማርቆስን ከፍታ፣ ጨረርና ክረምት አንድ ላይ የያዘ አይደለም። ስለሆነም ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በአንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ ጥቂት የላሜራ ቁርጥራጮች ይዘጋጁ፤ አንዱ ባዶውን፣ ሌሎቹ በሰም፣ በሴራሚክና በየዓመቱ በሚደረግ ፖሊሽ ይሁኑ፤ ከዚያም በደብረ ማርቆስ በአንድ ጣራ ላይ ለፀሐይና ለዝናብ ይሰጡ። በየክረምቱ መጨረሻ ወዛቸውና ውፍረታቸው ይለካ። ወጪው የጥቂት ላሜራና የሁለት መለኪያ መሣሪያ ዋጋ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በላቫጆ ደጃፍ ለሚከራከሩት ሰዎች ከማሸጊያ ላይ የተነበበ ቃል ሳይሆን ከራሳቸው ሰማይ ሥር የተገኘ ቁጥር ማቅረብ ይቻላል።