«አትሙት» የሚለው መልእክት
(በተመራቂዎች ማኅበር ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት ፓቶሎጂስት ነኝ፤ የምውለው ከታካሚ ጋር ሳይሆን ከማይክሮስኮፕ ጋር ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ መልእክት ነው።

ሴል በባህሪው ለመሞት ዝግጁ ነው። ዲኤንኤው ሲጎዳ ወይም ከቦታው ሲፈናቀል በሥርዓት ራሱን ያጠፋል፤ አፖፕቶሲስ ስንል የተማርነው ይኼው ነው። በሕይወት እንዲቆይ ከጎረቤቶቹ «አትሙት» የሚል መልእክት ሊደርሰው ይገባል። መልእክቱን ከሚያደርሱት መካከል የእድገት ፋክተሮች አሉ። ስማቸው «እድገት» ይበል እንጂ፣ እንደኔ ከሆነ ትልቁ ሥራቸው ከሞት ማቆየቱ ነው።

ከመቶ የጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ኸር-2 የተባለው ተቀባይ ጂን ቅጂው ይበዛል። ተቀባዮቹ በሴሉ ሽፋን ላይ ይጨናነቁና፣ ማንም ሳይልክባቸው እርስ በርስ እየተጣመሩ ራሳቸው መልእክቱን ያስተላልፋሉ። መልእክቱ ኤኬቲ የተባለው ኢንዛይም ጋ ይደርሳል፤ ኤኬቲ ደግሞ ሞትን የሚያፋጥነውን ባድ የተባለ ፕሮቲን ፎስፌት ለጥፎ ዝም ያሰኘዋል። እንዲህ ያለው ሴል በኬሞቴራፒ ቢቆስልም እንኳ ቶሎ አይሞትም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዴኒስ ስላመንና ባልደረቦቹ የኸር-2 ጂን የበዛባቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ እንደሚመለስባቸውና ዕድሜያቸውም እንደሚያጥር አሳዩ። በ1998 ተቀባዩን የሚይዘው ትራስቱዙማብ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባው።

ታዲያ መድኃኒቱ ለማን ይሰጥ? ተቀባዩ ለበዛባት። ይህን የሚነግረን ምርመራ የሚጀምረው እኔ ጋ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ላይ ነው። የወጣው ዕጢ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት። ይህ ካልሆነ ፕሮቲኑ ይበላሻል፤ ተቀባዩ ያለባት ሴት «የለባትም» ተብላ ትሸኛለች። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። እኔ ጋ ግን ናሙናው ከክፍለ ሀገር በአውቶብስ ተጉዞ፣ ከስንት ቀን በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዱ በጨው ውሃ ነክረው ይልኩልኛል! ማዘዣው ላይ ቀን ይኖራል፣ ሰዓት ግን የለም።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የምታስተምሩ መምህራን፣ እባካችሁ ተማሪዎቻችሁን ሁለት ሰዓት መጻፍ አስለምዱልኝ፦ ዕጢው የወጣበትንና ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን። እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ውጭ አገር ያላችሁ ጓደኞቼ ደግሞ «ማይክሮስኮፕ እንላክ ወይ?» ትሉኛላችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ እሱስ አለን። የሚያልቅብን ለምርመራው የሚያስፈልገው አንቲቦዲ ነው፤ እሱም ሳይሞቅ መድረስ አለበት።