የድመት እከክ፤ ምልክቱና ሕክምናው

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ስለ ድመት ነው። ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን ጤፋችንንና ልብሳችንን ከአይጥ የምትጠብቅልን እርሷ እኮ ናት። ታዲያ ስትታመም «አውጥታችሁ ጣሏት» ከማለታችን በፊት ምን እንደያዛት ማወቅ ይገባናል።

እከክ ከብርድ አይመጣም። የሚያመጣው ከቁንጫ እጅግ ያነሰች፣ በዓይን የማትታይ ተባይ ናት፤ ቆዳ ውስጥ እየቆፈረች ትገባና እንቁላል ትጥላለች። ምልክቱን ከጆሮ ጀምራችሁ ፈልጉ። መጀመሪያ የጆሮዋ ጠርዝ ላይ ያለው ጠጉር ይረግፋል፤ ቀጥሎ ግራጫና ቢጫ ቅርፊት ይጋገርበታል፤ ከዚያም ወደ ግንባሯ፣ ወደ ዓይኗ ቆብና ወደ አንገቷ ይዛመታል። ድመት ፊቷን በእግሯ ስለምታብስና ተጠቅልላ ስለምትተኛ፣ ውሎ አድሮ እግሯና ጭራዋ ሥር ይታያል። ሌት ተቀን ራሷን ታካለች። ሳትታከም ከቆየች ከስታ ልትሞት ትችላለች።

የሚያሳክክ ሁሉ ግን እከክ አይደለም። ጆሮዋ ውስጥ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ነገር ካለና ራሷን ቶሎ ቶሎ ካራገፈች፣ የጆሮ ተባይ ሊሆን ይችላል። ጠጉሯ ክብ ክብ እየሆነ ከተመለጠና እምብዛም ካላሳከካት ደግሞ ጭርት ይሆናል፤ የጭርት መድኃኒት ሌላ ነው። እርግጡን የሚነግራችሁ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከቅርፊቱ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል።

እንግዲህ ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ድመት ገላዋን የምታጸዳው በምላሷ ነው። ቆዳዋ ላይ የቀባችሁት ሁሉ ሆዷ ይገባል። ስለዚህ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ የትኋን ዱቄት አትቀቧት፤ እከኩን እናድናለን ስትሉ ድመቲቱን ትገድላላችሁ። ለውሻ የተሠራ መድኃኒትም አይሁን። በተለይ ፐርሜትሪን ያለበትን የድመት ጉበት ሊያከሽፈው ስለማይችል አንቀጥቅጦ ይገድላታል።

ትክክለኛው ሕክምና ከባድ አይደለም። ሐኪሙ አይቨርሜክቲን በመርፌ ይሰጣታል፤ ወይም ሴላሜክቲን የሚባለውን ጠብታ ምላሷ በማይደርስበት ማጅራቷ ላይ ያደርግላታል። መርፌውን ራሳችሁ አትሞክሩ። ለከብት ከተዘጋጀው 1 ከመቶ መድኃኒት ለ3 ኪሎ ድመት የሚበቃው አንድ አሥረኛ ሲሲ እንኳ አይሞላም፤ ትንሽ ቢበዛ ጉዳት ነው። አዲስ የሚፈለፈሉትን ለመግደል መርፌው ከ2 ሳምንት በኋላ፣ ጠብታው ከወር በኋላ ይደገማል። «ተሽሏታል» ብላችሁ ሁለተኛውን ከተዋችሁት በሽታው ተመልሶ ይነሣል።

የምትተኛበትን ካርቶን ጣሉ፤ ጨርቁን በፈላ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። ተባይዋ ከድመት ገላ ውጭ ከጥቂት ቀናት በላይ አትቆይም።

ልጆች የታመመች ድመት አይቀፉ። ክንዳቸውና ደረታቸው ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊወጣባቸው ይችላል። የድመት ተባይ በሰው ገላ ላይ ስለማትራባ፣ ድመቲቱ ስትድን ሽፍታው ይጠፋል። ካልጠፋ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ወደ ሐኪም ስትወስዷት በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዟት። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጠጠቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ ያኑኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

በመጨረሻ፣ ድመት አጥር አታውቅም። አንዱ የራሱን አሳክሞ ጎረቤቱ ዝም ካለ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፤ ድመት ያላችሁ ሁሉ ለማኅበሩ ጸሐፊ ተመዝገቡ። አንድ ቀን ቆርጠን፣ ሐኪም ጠርተን፣ የታመመችውንም ያልታመመችውንም አብረን እናሳክም። ወጪውም ስንካፈለው ይቀላል።