የጤና ኬላው እንግሊዝኛ



የሪፈር ወረቀት የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። በደቡብ ጎንደር ግን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ገጠር የሚመጣው በሽተኛ መጀመሪያ የሚያገኛት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የተመለመሉት 10ኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው። በትምህርት ቤት የተማሩት የፈተናን እንግሊዝኛ እንጂ የሥራን አይደለም።

እስቲ የዚንክን እሽግ ተመልከቱ፤ «ዲስፐርሲብል» ይላል። ኪኒኑ በንጹሕ ውኃ ወይም በእናት ጡት ወተት ይሟሟል ማለት ነው። ተቅማጥ ለያዘውና 6 ወር ለሞላው ሕፃን በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። ይህን ታውቃለች፣ ምክንያቱም ተነግሯታል። ነገ አዲስ መድኃኒት ሲመጣስ ማን ያነብላታል?

ስለዚህ ለአዋቂ ስናስተምር ከሰዋስው አንጀምር፤ እጇ ላይ ካለው ወረቀት እንጀምር። እሽግ ማንበብ፣ ሪፈር መሙላት፣ ከዚያም ስልክ አንሥቶ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለት። ከሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው፤ ሐኪም ይፈራላ! እኛም ምሕፃረ ቃሉን ትተን በግልጽ እንጻፍ፤ ስትጠይቀንም አንቆጣት።