ዘይቱ ከየት ነው የሚፈሰው? ስለ ፕሮጀክት ሞተር ሳይክሎች አያያዝ

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ተጠሪዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ርእሳችን ከቤተ መቅደስ የራቀ፣ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። የምንነጋገረው ከሞተር ሳይክል ስለሚንጠባጠብ ዘይት ነውና። ይሁን እንጂ ከየካ ሚካኤል አካባቢ ተነሥቶ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ግርጌ መንደሮች የሚወጣው የመስክ ሠራተኛ እግሩ ይኸው ሞተር ሳይክል ነው። እርሱ በቆመ ቀን የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናት ጠያቂ ያጣሉ፤ አሳዳጊ የሌላቸው ሕፃናት ጉዳይ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። ሞተር ሳይክሉም የማናችንም የግል ንብረት አይደለም፤ ለችግረኞች ከተሰጠ ገንዘብ የተገዛ አደራ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ ለማሳሰብ እወዳለሁ። ዘይት የታየበት ቦታ ሁሉ ዘይት የወጣበት ቦታ አይደለም። ምንጩ በዓይን ሳይታይ ዕቃ አይገዛ፤ ብሎን አይጥበቅ፤ ክፍያም አይፈቀድ።

በዳገት ላይ ለምን ይብሳል?

የከተማችን መሐል ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የእንጦጦ ተራራ ጫፍ ግን ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል፤ አሽከርካሪውም በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮኸ፣ በዝግታ ይወጣል። አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች የሚቀዘቅዙት በነፋስ ስለሆነ፣ ፍጥነት ሲያንስ ነፋሱም ያንሳል፤ ሞተሩ ይግላል። የጋለ ዘይት ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይትም በብርድ ጊዜ ሊያልፍበት በማይችለው ጠባብ ክፍተት ያልፋል። በዚህ ላይ የኮብልስቶኑ መንገድ ነቅነቅ እያደረገ ብሎኖችን ያላላል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ምክንያት አለ። ፒስቶን ሲወርድ ከሥሩ ያለውን አየር ይገፋል። ያ አየር የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ አለ፤ መተንፈሻ ይባላል። ቱቦው በአቧራና በጭቃ ከተደፈነ ወይም ከታጠፈ፣ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በደኅናው ጓርኒሲዮን በኩል ያስወጣዋል። ዘይት ከልክ በላይ መሙላትም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። መተንፈሻው ሳይጸዳ ጓርኒሲዮን ቢቀየር፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ማፍሰሱ አይቀርም።

ምንጩን መፈለግ

በመጀመሪያ ፈሳሹን መለየት ያስፈልጋል። ሞተር ሳይክሉ ባደረበት ቦታ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ይነጠፍ። በመካከል የወደቀ ወፍራም ቡናማ ወይም ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት ነው። ከፊት ጎማ አጠገብ ከታየ የፊት አሞርዛተር ዘይት ወይም የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። ሸትቶ ቶሎ የሚተንን ከሆነ ቤንዚን ነው፤ ይህ የእሳት አደጋ ስለሚያስከትል ሞተሩ ፈጽሞ መነሣት የለበትም። ከካቴና የሚረጭ ቅባትም በግራ በኩል ተከማችቶ የሞተር ዘይት የፈሰሰ ያስመስላል።

ሁለተኛው የዘይቱን መጠን መለካት ነው። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ ይጥፋ፤ ዘይቱ እስኪወርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠበቅ፤ ከዚያ ሞተር ሳይክሉ በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይለካ። በዳገት ላይ ወይም በጎን መቆሚያው ተጋድሞ የተለካ ዘይት ሐሰተኛ ምስክር ነው። ያማሃ ኤጂ 100ን የመሰሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ያሏችሁ ደግሞ፣ ለብቻ ካለው ጋን የሚጎድለው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠል ስለሆነ መጉደሉ ብቻውን ብልሽት እንዳልሆነ እወቁ።

ሦስተኛው ማጠብ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከላይ እስከ ታች ይጽዳ፤ በጨርቅም ይድረቅ። በተጠረጠረው አካባቢ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ይነስነስ። ከዚያ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ እስኪሞቅ ይጠበቅ፤ ቀጥሎም አጭር መንገድ ተነድቶ ይመለስ። ዘይት በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ በጉዞ ጊዜ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። እንግዲህ ፓውደሩ የረጠበበት ከሁሉ የላይኛውና የፊተኛው ቦታ ምንጩ እርሱ ነው።

ምሳሌ ልጥቀስ። በአንድ ፕሮጀክት ሞተር ሳይክል ላይ ዘይት ከቴስታታው ሥር ሲወርድ ታየና በአንድ ጋራዥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ፍሳሹ ግን አልቆመም። በመጨረሻ ታጥቦ ፓውደር ሲነሰነስበት፣ ዘይቱ የሚወጣው ከላይ ካለው የባልቦላ ማስተካከያ ክዳን ሆኖ ተገኘ። በክዳኑ ውስጥ ያለው ክብ ጎማ፣ ኦሪንግ የሚባለው፣ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። ለእርሱ ለውጥ የቴስታታው አንድ ብሎን እንኳ መፈታት አላስፈለገውም።

ጥገናው

ፍሳሹ ከዘይት ማውረጃው ብሎን ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ አዲስ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላ ነው። አሮጌው አንድ ጊዜ ተጨፍልቋልና ደግሞ አይዘጋም። ብሎኑን በጉልበት ማጥበቅ የሞተሩን አካል ጥርስ ይበላል፤ አካሉ ለስላሳ አሉሚኒየም ነውና። በፋብሪካው መመሪያ በተጻፈው ልክ፣ በኃይል መለኪያ ቁልፍ ይጥበቅ።

ከጎን ሽፋን ከሆነ አሮጌው ጓርኒሲዮን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይፋቅ። በካቻቢቴ የተጫረ ፊት ለዘይት መንገድ ይሆናል። ብሎኖቹም በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ። ሲሊኮን ማብዛት ጥገና ሊባል አይችልም፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርሶ የዘይት መተላለፊያውን ሊደፍን ይችላልና።

ከማርሽ ፔዳል ዘንግ ወይም ከፊተኛው የካቴና ጥርስ በስተኋላ ከሆነ፣ የሚቀየረው የዘይት መከላከያው ጎማ ነው። የሚጨመረውም ዘይት ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበት ይሁን። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ በመሆኑ፣ አንዳንድ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል።

የወረደው ዘይት በጀሪካን ተከድኖ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ እንጂ መሬት ላይ አይደፋ። እንጦጦ የውኃ መክፈያ ነው። በደቡብ በኩል የሚወርደው፣ ቀበናን ጨምሮ፣ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሰሜን በኩል ያለው ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ምንጩና ጸበሉ በሚፈልቅበት ተራራ ላይ የተደፋ ዘይት የባልንጀራን ውኃ መበከል ነው።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

አባቶቼና ወንድሞቼ፣ እናንተ መካኒክ እንድትሆኑ አይጠበቅም። ሦስት ደረጃዎችን መለየት ግን ይቻላችኋል። ሞተሩ አቧራ የሚያስይዝ ያህል ብቻ ካላበው፣ ይጽዳ፤ በየሳምንቱም ይታይ። ካርቶን ላይ ጠብታ ከተገኘ፣ በየጠዋቱ ይለካ፤ በዚያው ሳምንት ይመርመር። እየፈሰሰ ከሆነ፣ ወይም ዘይት የኋላ ጎማን፣ ፍሬንን ወይም የጋለ ማርሚታን ከነካ፣ በዚያው ሰዓት ይቁም። ከእንጦጦ ቁልቁል በዘይት በራሰ ጎማ መውረድ ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው። የአንድ ትንሽ ሞተር ሙሉ ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት የመሰለ ፍሳሽ በአንድ ዳገት ፒስቶኑን ሊያደርቀውና ሞተሩን ሊያስነክሰው ይችላል።

ለዚህም አንድ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የዘይት መጠን፣ የተጨመረው መጠን፣ የአሽከርካሪው ፊርማ ይመዝገብበት። በየስንት ኪሎ ሜትሩ ምን ያህል እንደሚጎድል ያወቀ ኮሚቴ ከጋራዥ ጋር ሲነጋገር በግምት አይናገርም።

የጥገና ጥያቄ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሞተሩ ታጥቦ ነበርን? ምንጩን በዓይኑ ያየ ማን ነው? መተንፈሻውስ ተፈትሿል? ከሥራው በኋላ አሮጌውን ዕቃ ተረከቡ። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ተገቢ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ፕሮፎርማ የዋጋን ልዩነት እንጂ የምርመራን ትክክለኛነት አያሳይም። ያልተበላሸ ዕቃ በርካሽ ቢገዛም ኪሳራ ነው።

በመክሊቱ ምሳሌ የተወቀሰው አገልጋይ ገንዘቡን የሰረቀ አልነበረም፤ የቀበረ ነበር። ጥቂት ዘይት ስላፈሰሰ ብቻ በመጋዘን ጥግ ሸራ ተሸፍኖ ወራት የሚቆጥር ሞተር ሳይክልም የተቀበረ መክሊት ነው። ከዚህ ስትመለሱ በየአጥቢያችሁ በቆመው ወይም በሚንጠባጠበው ሞተር ሳይክል ሥር ዛሬ ማታ አንድ ካርቶን አንጥፉ፤ ነገ ጠዋት የምታዩትንም በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ መዝግቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።