ባዶ ሲዲን ስለ መምረጥና መቅጃውን በደኅና ስለ መያዝ



ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁት ሲዲና ዲቪዲ ስለምንላቸው ሰሐኖች ነው። ነገሩ ጥቃቅን የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በአቃቂም በቃሊቲም ወደሚያውቀው ቤት ገብቶ የቡፌውን መሳቢያ ይሳብ። የሠርጉ ቀን፥ የልጁ ክርስትና፥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አባት ሲመርቁ የተቀዳው ድምፅ፥ ሁሉም በዚያ ተደርድሮ ያገኘዋል። የመንግሥት ሠራተኛውም የመመረቂያ ጽሑፉንና የሥልጠና ሰነዱን ያኖረው በዚሁ ላይ ነው። ይህ ሰሐን ሳይሰበርና ሳይጫር በተቀመጠበት ሊጠፋ እንደሚችል የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ምልክቱ በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ የወጣ ነው። እኛ በኮምፒዩተር የምንቀዳበት ባዶ ሲዲ ግን በውስጡ ስስ የቀለም ንጣፍ አለው፤ የሌዘር ጨረር ቀለሙን በነጥብ በነጥብ እያሞቀ ጠባዩን ይለውጠዋል። ጽሑፋችንም ድምፃችንም እነዚያ ነጥቦች ናቸው። ቀለም ደግሞ በመስኮት አጠገብ እንደ ተሰቀለ መጋረጃ፥ ብርሃንና ሙቀት ሲበዛበት ይለቃል።

ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከሱቅ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን አያስተማምንም፤ አንዱ ኩባንያ የሌላውን ፋብሪካ ሥራ ገዝቶ በራሱ ስም ይሸጣልና። እ.ኤ.አ. በ1988 የመጀመሪያውን ባዶ ሲዲ የሠራውና ባለሙያዎች ያመሰግኑት የነበረው የጃፓኑ ታይዮ ዩደን፥ በ2015 ይህን ሥራ ተወ። ቨርባቲም የተባለውም ስም በ2019 ለታይዋኑ ሲ.ኤም.ሲ. እንዲሸጥ ተስማሙ። የዱሮ ዝና ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ ይታያል። ይልቁንስ የሠሪው ምልክት በራሱ በሰሐኑ ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ፥ ዲስክ የሚመረምር ፕሮግራም በኮምፒዩተራችሁ ላይ ጭናችሁ ብታነቡት መልካም ነው። መቶውን ባንድ ጊዜ ከመግዛታችሁም በፊት አምስት ስድስቱን ገዝታችሁ ሞክሩ። ፀሐይ ሲመታው የዋለውን በርካሽ ቢሰጧችሁም አትግዙ። በመካከለኛው ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ያለበትን መልሱ፤ በመቅጃው ውስጥ በፍጥነት ሲሽከረከር ሊሰባበርና መሣሪያውን ሊያበላሽ ይችላልና። እየተሰረዘ የሚቀዳበት ዓይነት ደግሞ ለብዙ ዘመን ለማኖር አይመረጥም። (ባለሱቁ «ሁሉም ያው ነው» ቢላችሁ አትመኑት፤ እርሱ የሚሸጠው ባዶውን ነው፥ የሚጠፋው ግን የእናንተ ነው።)

ስትቀዱ በመጨረሻው ፍጥነት አትቅዱ፤ 16 የተጻፈበት ዲቪዲ በ8 ቢቀዳ ይሻላል። ተቀድቶ ሲያበቃም ፕሮግራሙ ከዋናው ጋራ እንዲያመሳክር እዘዙት። ጊዜ ለማትረፍ ሲሉ ይህን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ በእኔ አስተያየት ግን ያልተመሳከረ ሲዲ ገና አልተቀዳም። በመቀዳት ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋም ያ ሰሐን ባክኖ ይቀራል፤ ዩ.ፒ.ኤስ. የሌለው ሰው ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ቢቀዳ ከብስጭት ይድናል።

ወደ መሣሪያው እንለፍ። የአቃቂና የቃሊቲ ነዋሪ አቧራን ማንም እንዲያስተዋውቀው አያሻውም፤ ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው የከባድ መኪና መንገድ በሰፈራችን ያልፋል፥ ፋብሪካውም በየአቅጣጫው ነው። የመቅጃው ዓይን የምስር ፍሬ የምታህል ሌንስ ናት። አቧራ ሲያርፍባት ጨረሩ ይደክማል፥ መሣሪያውም ደኅናውን ሰሐን አላውቀውም ብሎ ይተፋዋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ከወለል ላይ አንሡ፥ ትሪውን ከፍታችሁ አትተዉ፥ ሥራ ሲያበቃ አጥፍታችሁ በጨርቅ ሸፍኑት። ሌንሷን በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያስነካታልና በጎማ መንፊያ አናፍሱላት። ብሩሽ የተለጠፈበትን ማጽጃ ሲዲ እኔ አልወደውም፤ ሌንሷ የተንጠለጠለችው በቀጫጭን ሽቦ ስለ ሆነ መፈተግን አትችልም። ትሪው አልከፈት ቢል ደግሞ በጉልበት አትሳቡት። መብራቱን አጥፍታችሁ፥ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አቅንታችሁ ከፊቱ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ቀስ አድርጋችሁ ብትገፉ ይወጣል።

በሲዲ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ። የሚያንጸባርቀው ንጣፍ የሚገኘው ስም በምንጽፍበት በኩል ከስስ ቫርኒሽ ሥር ነውና፥ ብዙ ሰው ከሚጠነቀቅለት ከታችኛው ፊት ይልቅ በቀላሉ የሚጎዳው ይህኛው ነው። ስትወለውሉትም ከመካከል ወደ ጠርዝ እንጂ ዙሪያውን አይሁን።

ዛሬ ከሚሸጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ መቅጃ የላቸውም፤ ሶኒም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ባዶ ብሉ ሬይ መሥራቱን አቁሟል። እንግዲህ ደኅና የሚሠራ መቅጃ በእጃችሁ ሳለ፥ አሮጌዎቹን ሰሐኖች አንድ በአንድ እያስነበባችሁ ወደ ሃርድ ዲስክ አዛውሩ፤ ሁለተኛውንም ቅጂ በዘመድ ቤት አኑሩ። ሥራውን ስትጀምሩ አስቀድማችሁ የምታወጡት፥ ድምፃቸውን ዳግመኛ ልትቀዱ የማትችሉትን ሰዎች ሰሐን ይሁን።