ስለ ኅብለ ሠረሠር ጉዳትና ስለ ሕክምናው





የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዛሬው ቀን፥ እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከፍ ያለ ደስታ ይሰማናል። የመረጥነው ርእስ ለበዓል ቀን ከበድ ያለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በቀላል ጥያቄ እንጀምር። ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ ስንት ደረጃ ወጣችሁ? ልብ ያለው ሰው ብዙ አይመስለንም፤ እግር ጤነኛ ሲሆን ደረጃ አይቈጠርምና። እኛ ግን ቈጥረነዋል፤ 7 ነው። ወደዚህ ነገር በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ኅብለ ሠረሠር በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ የሚወርድ፥ ከትንሽ ጣት የማይወፍር፥ በዐዋቂ ሰው እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የነርቭ ገመድ ነው። ከእርሱም በግራና በቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። አንጎል እግርን ተነሥ ብሎ የሚያዘው በዚህ መንገድ ነው፤ እግርም እሾኽ ሲወጋው ተወጋሁ ብሎ የሚያስታውቀው በዚሁ መንገድ ነው። የስልክ ሽቦ ሲበጠስ ከተማው እንዳለ ሆኖ ወሬው እንደሚቋረጥ ሁሉ፥ ኅብለ ሠረሠሩ የተጎዳ ሰውም እግሩ እንዳለ ሆኖ ትእዛዝ አይደርሰውም። ጉዳቱ ከወገብ ሲሆን እግር አይታዘዝም፤ ከአንገት ሲሆን እጅም ጭምር። ሽንትን የመቈጣጠርም ኃይል ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

ከ3,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አንድ የግብፅ የሕክምና ጽሑፍ ይህን ሕመም ያውቀዋል። የአንገቱ አጥንት ከቦታው ለቆ እጅና እግሩ የማይሰማውን ሰው ከገለጸ በኋላ፥ ሕክምና የማይደረግለት መሆኑን ይፈርዳል። ይህ ፍርድ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሳይሻር ቆየ ለማለት ይቻላል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀርባቸውን የተመቱ ወታደሮች አብዛኞቹ ብዙ ሳይቈዩ ይሞቱ ነበር። የሚገድላቸውም ብዙ ጊዜ ሳይገላበጡ ከመተኛት የሚመጣው ቍስልና ከሽንት ፊኛ ተነሥቶ ኵላሊት የሚደርሰው መመርቀዝ ነበረ። እነዚህ ደግሞ ሰው ሊከላከላቸው የሚችል ነገሮች ናቸው።

ይህን በተግባር ካሳዩት ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። እኚህ ሰው በጀርመን አገር ገና ወጣት ሳሉ፥ በ1917 እ.ኤ.አ. አንድ ጀርባው የተሰበረ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ በ5 ሳምንት ውስጥ ሲሞት አይተው ነበር። አይሁዳዊ ስለ ነበሩ ከናዚዎች ሸሽተው በ1939 እ.ኤ.አ. ከነቤተ ሰባቸው ወደ እንግሊዝ ገቡ። በየካቲት 1944 እ.ኤ.አ. ስቶክ ማንደቪል በተባለው ሆስፒታል ውስጥ ለእነዚህ ሕመምተኞች የተለየ ክፍል ከፈቱ። ሕመምተኛው ቀንም ሆነ ሌሊት በየ2 ሰዓቱ እንዲገላበጥ አዘዙ፤ የሽንቱ አወጣጥ በፍጹም ንጽሕና እንዲሆን፥ የቀረለት ጡንቻ ሁሉ በስፖርት እንዲጠነክርና ሥራም እንዲማር አደረጉ። በዚህም ሞት ይጠባበቁ የነበሩ ሰዎች ወደ ቤታቸውና ወደ ሥራቸው ለመመለስ ቻሉ።

በሐምሌ 1948 እ.ኤ.አ. የሎንዶን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፥ በዚሁ ሆስፒታል ሜዳ 16 ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች የቀስት ውድድር አደረጉ። ከዚያ ትንሽ ጅምር የተነሣው ነገር 12 ዓመት ቈይቶ ሮም ደረሰ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው በሮም ከተማ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከ8 ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ተወዳዳሪዎች በተሽከርካሪ ወንበር ውድድራቸውን ጀመሩ። ዛሬ ይህ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይጠራል።

በዚያን ጊዜ ሁለቱ ታሪኮች አንድ ቀን ይገናኛሉ ብሎ ማን ያስብ ነበር? በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ተጎዳ፤ ለሕክምናም ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወሰደ። እጆቹ ቀስ በቀስ ኃይል አገኙ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ዓለምን በእግሩ ያስደነቀ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን በ1970 እ.ኤ.አ. በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት በኖርዌይ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ።

እንግዲህ ኅብለ ሠረሠርን ራሱን ለመጠገን ይቻላልን? የክንድ ነርቭ ቢጎዳ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ሊመለስ ይችላል፤ የኅብለ ሠረሠር ግን እንዲህ አያደርግም። በ1981 እ.ኤ.አ. በካናዳ በሞንትሪያል የተደረገ ምርምር፥ ከእግር የተወሰደ ነርቭ እንደ ድልድይ ሲቀጠልለት በአይጥ ኅብለ ሠረሠር ውስጥ ያሉ ነርቮች እንደሚያድጉ አሳየ። ችግሩ በነርቩ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሥጋም ጭምር መሆኑ ታወቀ። በ2018 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር በሎዛን ያሉ ተመራማሪዎች ከጉዳቱ በታች ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ተክለው፥ 3 ሰዎች በድጋፍ እንዲራመዱ አደረጉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአንጎልን ሐሳብ አንብቦ ጉዳቱን ተሻግሮ ወደ ኅብለ ሠረሠሩ የሚያደርስ መሣሪያ፥ ከ10 ዓመት በላይ ሽባ የነበረን ሰው በክራንች አስሄደ። ይህ ተስፋ ነው፤ ፈውስ ግን ገና አልተገኘም። ፈውስ አገኘን ብለው ገንዘብ ከሚጠይቁም መጠንቀቅ ይገባል።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ይሁን እንጂ 2 ነገር ለማድረግ እንችላለን። አንደኛው ይህ ነው፤ ከዛፍ የወደቀ ወይም በመኪና የተመታ ሰው ስናይ ብብቱን ይዘን ጎትተን አናንሣ። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደ በቀር ዕርዳታ እስኪመጣ ሳናንቀሳቅሰው እንቈይ። ማንሣት የግድ ከሆነ ራሱ፥ አንገቱና ወገቡ በአንድ መስመር እንደ ቀኑ፥ ብዙ ሆነን በአንድ ላይ አንሥተን በሳንቃ ላይ እናስተኛው። በችኰላ የተደረገ ደግነት በከፊል የተጎዳውን ሊቈርጠው ይችላልና።

ሁለተኛው በደጃችን ያለው ነው። አበበ ቢቂላ በሕይወት ኖሮ ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበሩ ቢመጣ፥ እነዚያ 7 ደረጃዎች ከውጭ ባስቀሩት ነበር። ነገ የሚመዘገበው ተማሪ፥ ወይም አደጋ የሚደርስበት ከመካከላችን አንዱ ቢሆንስ? ስለዚህ በደረጃው አጠገብ ለወንበር የሚመች ዝቅተኛ ተዳፋት እንዲሠራ በትሕትና እንለምናለን። ሲሚንቶውን ወላጆቻችን ቢችሉ፥ ድንጋዩንና አሸዋውን እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማመላለስ ዝግጁ ነን። ስማቸውን የጻፉ 31 ተማሪዎች አሉ፤ በኅብለ ሠረሠር ነርቮች ጥንድ ቍጥር ልክ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ቢጨመርም ደስ ይለናል።