አንድ አሮጌ መስፍ ያስተማረው ትምህርት



በትምህርት ቤት ግቢ የሚገኝ ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ የተጻፈው ሁሉ ግን ታወቀ ማለት አይደለም። በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ፥ ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር፥ ዝገት የበላው አንድ ከባድ ነገር ለብዙ ዘመን ተቀምጦ ነበር። መዝገቡ ስለ እርሱ የሚለው «ብረት፥ 1» ብቻ ነው። ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጥ ሲታሰብ የእጅ ሥራ መምህሩ አየው። ቀንዱንና ሰፊ ፊቱን ዳስሶ መስፍ መሆኑን ስላወቀ፥ ሽያጩ አንድ ወር እንዲዘገይ አስፈቀደ፤ ወሩንም ለተማሪዎቹ ትምህርት አደረገው።

የመጀመሪያው ትምህርት ማጽዳት ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ዝገቱ በእሳት እንዲራገፍ፥ ሌላው ፊቱ በሞረድ እንዲስተካከል አሳብ አቀረቡ። መምህሩ ሁለቱንም ከለከለ። እንዲህ ያለው የቀድሞ መስፍ አካሉ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ሲሆን፥ መዶሻ የሚያርፍበት ፊቱ ግን በእሳት ግሎ በመቀጥቀጥ የተጣበቀ የዓረብ ብረት ዝርግ ነው። ዝርጉ ስስ ስለ ሆነ ሞረድ የወሰደው ተመልሶ አይገኝም፤ ኀይለኛ እሳት ቢያገኘውም ጥንካሬው ይለቃል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ዓይናቸውን በመነጽር ጠብቀው በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉት፤ የደረቀውን ቅባትም በነጭ ጋዝ አጠቡት። በመጨረሻ የሚቀባው የተልባ ዘይት ነበር፤ ይህ ዘይት ነፋስ ሲያገኘው ደርቆ እንደ ስስ ቆዳ ስለሚሸፍን ብረትን ከዝገት ይጠብቃል።

ዘይቱ ከመቀባቱ በፊት ግን ሁለተኛው ትምህርት መጣ፤ እርሱም ማንበብ ነው። መምህሩ ከሰሌዳው ሥር ጠመኔ አንሥቶ የመስፉን ጎን አሸው። ነጩ ዱቄት በጐደጐደው ገብቶ ሲቀር፥ መብራትም ከጎን ሲበራበት፥ በላቲን ፊደል የእንግሊዝ አገር ስምና ሦስት ቁጥሮች ታዩ፤ ቁጥሮቹም 1፥ 2 እና 10 ነበሩ። አንድ ተማሪ ቁጥሮቹን ገጥሞ «በ1210 የተሠራ ነው» አለ። የእንግሊዝ መስፍ ሠሪዎች ግን እንዲህ ባለ ጽሕፈት የሚያመለክቱት ዓመትን ሳይሆን ክብደትን ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ባለ 112 ፓውንዱን፥ ሁለተኛው ባለ 28 ፓውንዱን፥ ሦስተኛው ነጠላውን ፓውንድ ይቈጥራል። እንግዲህ 112፥ 56 እና 10 ሲደመሩ 178 ፓውንድ፥ ይኸውም 81 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በወፍጮ ቤት ሚዛን ቢመዘን 80 ኪሎ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ዘመኑም ራሱ መሰከረ። በስተኋላው የፈረስ ጫማ የሚበሳበት ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለው፤ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተሠሩት የእንግሊዝ መስፎች ብዙዎቹ ይህ ቀዳዳ የላቸውም። ደግሞም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1890 በአሜሪካ የወጣው የቀረጥ ሕግ፥ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ከ1891 ጀምሮ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አዘዘ። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ለውጭ ገበያ በሚልኩት ዕቃ ላይ የአገራቸውን ስም መቅረጽ ያዘወተሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ መምህሩ አንድ ቁርጥ ያለ ዓመት አልጻፈም፤ «ምናልባት ከ1883 ዓ.ም. ወዲህ» ብሎ ጻፈ። ማስረጃ ከሚለው በላይ አለመናገርም የትምህርቱ ክፍል ነበረ።

ሦስተኛውን ትምህርት ግን መምህሩ አላሰናዳውም። ከተማሪዎቹ አንዱ በዚያ ወር ሁሉ ዝም ብሎ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ወደ መምህሩ ቀርቦ፥ አባቱ ቀጥቃጭ መሆኑን፥ ይህንንም ከጓደኞቹ ደብቆ መኖሩን ነገረው።

ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፥ እናት ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ የሚያወጣ ሰው በአገራችን ለብዙ ዘመን ቡዳ ተብሎ ተሰድቧል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን የአባቱን ሙያ እንደ ነውር ሸሸገ።

መምህሩ መልእክተኛ አልሰደደም፤ ራሱ ወደ ሰውየው ቤት ሄዶ፥ «አባቴ፥ እርስዎ የሚያውቁትን እኛ አላወቅነውምና መጥተው ያስተምሩን» ብሎ ለመነ። ሽማግሌው መጡ። ትንሽ የብረት ድቡልቡል በመስፉ ፊት ላይ ጣሉ፤ ከፍ ብላም ነጠረች። በመዶሻ ቢነኩት ድምፁ እንደ ደወል ጠራ። «መምህር፥ ደኅና ነው፤ ስንጥቅ የለበትም። ሞረድ አለማስነካታችሁ በጀ» አሉ። ከዚያም በቀንዱ አጠገብ የተበላውን ጠርዝ አሳይተው፥ «ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው እንጀራ በልቶበታል» አሉ። ጉጠት የሚይዝላቸው ሰው ሲጠይቁ ልጃቸው ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ።

በመጨረሻ ስለ ራሳቸው መስፍ ተጠየቁ። የእርሳቸው ፊደልም ቁጥርም የለውም፤ በግንድ ላይ የተተከለ የብረት ጉማጅ ነው። ነገር ግን ከአባታቸው እንደ ሰሙት፥ የአያታቸው አባት ከዓድዋ ዘመቻ በፊት ይሠሩበት ነበር። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፈ፤ በአንደኛው «ከ1883 ዓ.ም. ወዲህ፥ በጽሕፈቱ ምስክርነት»፥ በሁለተኛው «ከ1888 ዓ.ም. በፊት፥ በባለቤቱ ምስክርነት»።

ክቡራን ሆይ፤ ማኅተም ያለው ዕቃ ባለቤቱ ቢጠፋም ጥቂት ይናገራል። የአገራችን ቀጥቃጭ መስፍ ግን ማኅተሙ የሰው ቃል ነው፤ ሰውየው ከተናቀና ልጁ ካፈረበት ዘመኑን የሚነግረን አይኖርም። እንግዲህ እያንዳንዱ መምህር የትምህርት ቤቱን ግምጃ ቤት ይፈትሽ፤ ከዚያም አስቀድሞ ከተማሪዎቹ መካከል የአባቱን ሙያ የሸሸገው ማን እንደ ሆነ በጥበብ ይወቅ። በዚያ ትምህርት ቤት መዝገብ «ብረት፥ 1» የሚለው ተሰርዞ፥ የመስፉ ስምና ክብደት፥ የተገመተው ዘመን፥ የመረመሩትም ሽማግሌ ስም ተጽፎበታል።